ተመታሁ ያላለው ሙሽራ

ወልድያ ቢሯችን ውስጥ ሰይድና ሙሉጌታ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ አንዳንዴም ሳይጀምሩ፣ በጃፓን ካርቱን ዓይነት ተዋጊ እየፈጠሩ ቴሌግራም ላይ በጽሑፍ ይዋጋሉ። አንዱ እንዴት እንደመታ ይጽፋል፣ ሌላው እንዴት እንደተመታ ይጽፋል። ችግሩ እስካሁን የተመታ የለም። ባለፈው ሙሉጌታ "በመብረቅ ሰይፌ ክንድህን ቆረጥኩት" ብሎ ጻፈ። ሰይድ "የእኔ ተዋጊ ጭስ ነው፤ አይቆረጥም" ብሎ መለሰ። በዚህ ተኮራረፉ። የሰይድ ሠርግ ደርሷል፣ ሚዜው ደግሞ ሙሉጌታ ነው። "ተቆረጥኩ ብለህ ካልጻፍክ ሚዜ አልሆንም" አለው።

የሰይድ አጎት ሸህ ይማም ሊያስታርቁ ከግራና ከተማ መጡ። እኔንም የቢሮ ታላቃቸው ነህ ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሁለቱንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ "ደም ፈሷል?" ብለው ጠየቁ።

"ጭስ ደም የለውም፣ አባቴ" አለ ሰይድ።

"ታዲያ ተመታሁ ብትል ምን ይጎድልብሃል? እኛ ዘንድ የመታ መታሁ፣ የተመታ ተመታሁ ካላለ እርቅ አይወርድም።"

ሰይድ ግን "ከምቆረጥስ ሚዜው ይቅርብኝ" አለ። ሸሁ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ሱፍ አለህ?"

እሁድ ዕለት በዚህ ዕድሜዬ ሚዜ ሆኜ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ሲያስተካክለን ሙሽራው ስልኩን ሰረቅ አድርጎ አየና "ጋሼ፣ ሙሉጌታ አሁንም ክንድህን ቆርጬዋለሁ እያለኝ ነው" አለኝ ጥርሱን ነክሶ። ሙሽሪት ክንዱን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ለካሜራው ፈገግ ብላ ነበር።