ጀርባ የማይሰጡት ልብስ ሰፊ

ሰው ሲከራከር ቆሞ መስማት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሥራዬ ከነውሩ ጋር አላመደኝ። መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ጎን ተቀምጬ ሲሳሳት አያለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እንጀራዬም እሱው ነው። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመኪናዬን ጎማ ላስነፋ ሳይክል ጠጋኙ ደጃፍ ቆሜ የአባትና የልጅ ክርክር ጆሮዬ ሲገባ፣ ዘወር አላልኩም። እንዲያውም ጠጋ አልኩ።

አባትየውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በሰፉት ሱሪ ያልተዳረ የሰፈሩ ጎረምሳ የለም ይባላል። በስማቸው የሚጠራቸው ግን የለም፤ «ጋሽ ፊት ለፊት» ነው የሚባሉት። ሳይክላቸውን የሚነዱት እንደ ሰው በቀኝ ጠርዝ ሳይሆን በግራ፣ ከሚመጣው መኪና ጋር ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላምታ ይሰጡታል። የተሳደበ እንኳ አፍሮ ያልፋል።

ታዲያ ብቻቸውን አይደሉም። ከኋላቸው ባለቤታቸው አሉ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከአልጋ እስከ በር ካልሆነ በእግራቸው አይሄዱም። ጋሼ የሳይክሉ ዕቃ መጫኛ ላይ በአበባ ጨርቅ የተለበጠ፣ ጥጥ የታጨቀበት መቀመጫ ሰፍተው አስረውላቸዋል። ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ ጭነዋቸው ወንዙ ዳር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ይሄዳሉ። ውኃውን እያዩ ያወራሉ፣ ሲበርዳቸው ይመለሳሉ። ለእትዬ ከቤት መውጣት ማለት ይኼው ብቻ ነው።

ልጃቸው አዋላጅ ናት። ወደ ሆስፒታል የምትመላለሰው በሳይክል ነው፤ ሄልሜቷን አጥልቃ፣ በቀኟ ይዛ። ያን ቀን የአባቷ ሳይክል ጠጋኙ ፊት ተገልብጧል፤ የፊት ጎማው ተጣሟል። ከአንድ ቅያስ ብቅ ያለች የዕቃ መኪና ናት የገጨቻቸው። ጋሼ ምንም አልሆኑም፤ የእትዬ ክንድ ግን እስከ ክርኑ ተልጧል።

«አባዬ፣ አልቆጣም» አለች ልጅቷ፣ ተቆጥታ። «ካሁን በኋላ ግን እማዬ አንተ ኋላ አትቀመጥም።»

«ሾፌሩ እኮ ዕውር ነው፣ ልጄ።»

«የባለፈውስ?»

«እሱም ዕውር ነበር።»

«የከተማው ሾፌር ሁሉ ዕውር ከሆነ፣ አንተን ማን እንዲያይህ ነው የምትነዳው?»

ጠጋኙ ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። ጋሼ ግራ ቀኝ ሲያዩ እኔ ላይ ዓይናቸው አረፈ። «ይኸው፣ የመኪና ሰው መጣች። አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ ፍረጂን።»

«እኔ ፈርጄ ነበር ጋሼ፤ እርስዎ አልጠየቁኝም እንጂ» አልኳቸው። «መንገዱን በግራ መያዝ ስሕተት ነው። ሕጉም አይፈቅድም።»

«ሕጉን ተይውና በአእምሮ እንነጋገር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በቀኝ ብሄድ መኪናው የሚመጣው ከጀርባዬ ነው፤ አላየውም። በግራ ብሄድ ገና ከሩቅ አየዋለሁ። የሚመጣብኝን ማየቱ ነው ጥፋቱ?»

ልጅቷ ሄልሜቷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ሐኪም ቤት ምጥ የያዛትን ሴት የምታጽናናው በዚህ ድምፅ መሰለኝ። «አባዬ፣ ለእግረኛ ያልከው ልክ ነው። እግረኛ መኪና ሲመጣበት ቆሞ ወደ ጎን ይራመዳል። ሳይክል ወደ ጎን ይራመዳል? ደግሞ አንተ ወደሱ፣ እሱ ወዳንተ ስትሮጡ ፍጥነታችሁ ይደመራል። ባንድ አቅጣጫ ብትሄዱ ግን ሾፌሩ ፍሬን የሚይዝበት፣ ዘወር የሚልበት ጊዜ ያገኛል። ከሁሉም የሚብሰው ከቅያስ የሚወጣው ነው። እሱ መኪና የሚጠብቀው ከግራው ነው። አንተ ከቀኙ ስትመጣበት ከሰማይ እንደወረድክ ነው።»

«እኔ እኮ አየዋለሁ።»

«ታየዋለህ። እሱ ነው የማያይህ።»

ጋሼ የተጣመመውን ጎማ በእጃቸው ዞር አደረጉት። እኔም ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ወደ ጎማዬ ልመለስ ስል፣ ድምፃቸው ወርዶ ሰማሁት።

«ወንድሜን ታስታውሻለሽ? የት ታስታውሺዋለሽ፣ አልተወለድሽም። ሳይክል መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በቀኙ ነበር የሚነዳው፣ ደንቡን ጠብቆ፣ እየዘፈነ። የጭነት መኪና ከጀርባው ነው የወሰደው። ሳይክሉን ይዤ ወደ ቤት የተመለስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዳግመኛ ለመኪና ጀርባዬን አልሰጥም ብዬ ማልኩ። ደግሞ አሁን ከጀርባዬ ማን ነው ያለው? እናትሽ ናት። ከኋላ የመጣ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።»

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም። የአባቷን እጅ ያዘች። ግትርነት የመሰለንን ነገር ገለጥ ስናደርገው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሐዘን ነው የሚገኘው፤ ሐዘንተኛን ደግሞ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብሎ ማሸነፍ አይቻልም። ማሸነፉም ደግ አይደለም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ነገ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ይቀመጡልኝ። እርስዎ ሁልጊዜ ሾፌሩን የሚያዩት ከውጭ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከውስጥ ይዩት።»

«ምን አዲስ ነገር አያለሁ ብለሽ ነው?»

«ምንም ላያዩ ይችላሉ። ያኔ ከልጅዎ ጋር እኔው ራሴ አስታርቅዎታለሁ።»

እንደ ሙሽራዋ ካልታዘልኩ አላምንም ብለው፣ በማግስቱ ኮታቸውን ቆልፈው መጡ።

የማስተማሪያ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ ለተማሪው፣ ሌላው ጎኑ ለሚቀመጠው አስተማሪ። ጋሼን በእኔ ወንበር አስቀመጥኳቸውና እኔ መሪውን ያዝኩ። ያው የተገጩበት ቅያስ ጫፍ ላይ፣ የጥግ ሱቁ ግንብ በቀኝ በኩል መንገዱን ከሚጋርድበት ቦታ ቆምን። ልጃቸው የተጠገነውን ሳይክል በእጇ እየገፋች፣ በእግሯ፣ አባቷ በሚመጡበት በኩል እንድትመጣ ተነጋግረናል። መቼ እንደምትመጣ ግን ለእኔ አትነግረኝም። ይህ የእሷ ሐሳብ ነው።

«እግርዎን ፍሬኑ ላይ ያድርጉ» አልኳቸው። «መንገዱን ሳይሆን አንገቴን ይዩ።»

«ቆንጆ አንገት አይደለም እኮ።»

«ለዛሬ ይታገሡኝ።»

ወደ ግራ አየሁ። አውቶቡስ አለፈ። ታክሲ አለፈ። ውኃ የጫነ ቦቴ እየተንቀረፈፈ መጣ። ቅያስ አፍ ላይ የቆመ ሾፌር ክፍተት ሲፈልግ ሌላው ዓለም ይጠፋዋል፤ እኔም ጠፋኝ። ከቦቴው ኋላ ክፍተት አየሁ። ፍሪሲዮኑን በእግሬ ለቀቅ አድርጌ፣ መኪናዋ በእርምጃ ፍጥነት ፈቀቅ ስትል፣ ድንገት ወደፊት ተወርውሬ ደረቴ መሪው ላይ አረፈ። ሞተሩ ጠፋ። ጋሼ ፍሬኑን ወለሉ ድረስ ረግጠውታል።

ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት፣ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የአበባው መቀመጫ ቆሟል። ልጅቷ መሪውን ይዛ ወደኛ ታያለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ወደዚህ አንዴም አልዞርሽም» አሉ ጋሼ።

«አልዞርኩም።»

«እንደምትመጣ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ሆን ብዬ አይደለም ጋሼ፣ ልጆቼን ይንሳኝ። መኪና የሚመጣው ከግራ ነው፣ አንገቴ የለመደው ወደዚያ ነው። እንደምትመጣ እያወቅኩ አላየኋትም።»

ጋሼ እግራቸውን ከፍሬኑ ለማንሳት ጊዜ ወሰደባቸው። መቀመጫውን ነው የሚያዩት። «እዚያ ላይ እኮ ነው የምትቀመጠው» አሉ። ከዚያ ወርደው ሳይክሉን ከልጃቸው ተቀበሉና፣ ሳይወጡበት፣ በእግራቸው እየገፉ ወደ ቤት አቀኑ። እኔና ልጅቷ ከኋላ ተከተልናቸው። ተሳክቶልኝ ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም።

እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ክር ይፈታሉ። ጋሼ ቆመው የሆነውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። መጨረሻ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጅሽ ልክ ናት። ሾፌሩ ዕውር አልነበረም። ስለዚህ ካሁን በኋላ አንቺን ይዤ አልወጣም። በግራ ብሄድ አያዩንም። በቀኝ ብሄድ ከኋላ የሚመጣውን እኔ አላይም። ሳይክሉን እሸጠዋለሁ።»

ይኼንን አላሰብነውም ነበር። እኔና ልጅቷ ተያየን፤ ሰውዬውን ከአንድ ጥፋት ስናወጣቸው ባለቤታቸውን ቤት ልንዘጋባቸው ነው። «ታክሲ አለ እማዬ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ።

«ታክሲ ውስጥ ነፋስ የለም» አሉ እትዬ። ክሩን አስቀመጡ። «አንተ ሰውዬ፣ ተቀመጥ። ይህን ሁሉ ጊዜ ጀርባህ ላይ ማን ያለ መሰለህ?»

«አንቺ ነሻ።»

«ታዲያ ምን ስሠራ ነበር? የኮትህን ስፌት ስቆጥር። ጉልበቴ ነው የከዳኝ፤ ዓይኔ አልከዳኝም፣ ጆሮዬም አልከዳኝም። አንተ ፊትህን እይ። ከኋላ ያለውን እኔ አይልሃለሁ።»

ጋሼ ተቀመጡ። ልጅቷ ከወለሉ ላይ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና፣ አሁን ሳትቆጣ፣ ቀሪውን አስረዳች። «እማዬ ልክ ናት፣ ግን ዓይኗ ብቻውን አይበቃም። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ከሩቅ እንዲያያችሁ ማድረግ አለብን። መሪው ላይ ኋላህን የሚያሳይህ ትንሽ ስፖኪዮ ይታሰራል። ከኋላ ቀይ መብራት። ለሁለታችሁም ሄልሜት። ስትታጠፍ እጅህን ቀድመህ ትዘረጋለህ። ደግሞ በዋናው መንገድ ምን ወሰዳችሁ? በትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው መንገድ ትንሽ ይረዝማል እንጂ መኪና አይበዛበትም። ልብስም ያስፈልጋል፣ ዓይን የሚወጋ ቢጫ፣ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ያለው። እሱ ግን ውድ ነው፣ ደግሞ ለእማዬ ልክ የሚሆን...»

«ልብስ?» አሉ ጋሼ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ልብስ በዚህ ቤት ይገዛል?»

«ልኳን ልውሰድልህ» ብላ ሜትሩን አነሣች።

«ተይው። የእሷን ልክ አውቀዋለሁ።»

እትዬ አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ዕድሜ ሰው ሲሽኮረመም አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

ሥራዬ ምክር ነውና ሳልመክር አላልፍም። የልብስ ሰፊው ቢጫ ሰደርያ ሰፈሩን ቀየረው። መጀመሪያ ዳቦ አዳዩ አዘዘ። ከዚያ ማታ ከፋብሪካ የሚመለሱት ሴቶች መጡ። በግራ የሚነዱ ሌሎችም ነበሩ፤ ጋሼን አይተው የጀመሩ፤ አሁንም ጋሼን አይተው ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ሾፌሮቹም ጥሩምባ መንፋት ቀነሱ። እኔም ብሆን ሳልማር አልቀረሁም። አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው እያልኩ ስለፈልፍ የኖርኩ ሴት፣ የራሴ አንገት ግማሽ መንገድ ብቻ ይዞር ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼን ቅያስ አፍ ላይ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝም፣ ዳግመኛ ወደ ግራ አስዞራቸዋለሁ። አንገታችን ታመመ ይላሉ። ይታመም።

ጋሼን ፍርሃቱ ለቀቃቸው ልል አልችልም። ባንድ ቀን የሚለቅ ፍርሃት አይደለም። እንዳልለቀቃቸው ያወቅኩት፣ አንድ ማታ አዲስ ተማሪ ይዤ ያው ቅያስ አፍ ላይ ስደርስ ነው። ልጁ ወደ ግራ አይቶ ሊወጣ ሲል ፍሬኑን ረገጥኩበት። ከግራ በኩል፣ መምጣት ባለባቸው በኩል፣ ዋናውን መንገድ አቋርጠው ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ሊገቡ ሁለት ቢጫ ሰደርያዎች አንድ ላይ መጡ። ጋሼ ትከሻቸው ወደ ጆሮአቸው ተሰብስቧል፤ ከኋላ አንድ መኪና እየተጠጋቸው ነበር። እትዬ ዞር ብለው አዩትና በመዳፋቸው የባላቸውን ጀርባ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። የጋሼ ትከሻ ወረደ። መኪናው ሰፋ ብሎ ዞሯቸው አለፈ።

ፊታችን ሲደርሱ ጋሼ ባርኔጣቸውን ሊነኩልኝ እጃቸውን ሰደዱ፤ ያገኙት ሄልሜት ነው። እሱኑ ነካ አድርገው አለፉ።

«ሴትየዋ ለምንድነው የሚመቷቸው?» አለኝ ተማሪዬ።

«መኪና መጣ ማለታቸው ነው።»

«መኪናው ካለፈ በኋላም እኮ እየመቷቸው ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው። ቢጫው እስኪርቅ ድረስ የእትዬ እጅ ከዚያ ጀርባ ላይ አልወረደም።

«ያ ደግሞ አለሁ ማለት ነው» አልኩት። «በል፣ ወደ ቀኝም እይና ቀስ ብለህ ውጣ።»