የመዋኛ ገንዳው ግድግዳ በሙሀመድአወል ላይ ስለተናደበት ሁኔታ

የምስክሩ ስም፦ ሣህሉ ወልደ ዮሐንስ
ዕድሜ፦ 46
የትውልድ ቦታ፦ ደቅ ደሴት
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ቀበሌ 07
ሥራ፦ ግንበኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ ሰኔ 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ስለ አደጋው ያየሁትንና የሰማሁትን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በሐይቁ ዳር በሚሠራው የሠራተኞች መዝናኛ ከሟች ሙሀመድአወል ጀላሉዲን ጋር በግንበኝነት ተቀጥረን ስንሠራ ቆይተናል። ሟች የወረታ ሰው ሲሆን ከአሥር ዓመት በላይ አብረን ሠርተናል። ከቤቱ ገብቼ እወጣለሁ፤ እሱም ልጆቼን ቆጥቶ አሳድጓል።

የመዋኛ ገንዳው ወለሉ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ፣ ከውጭ አገር የመጣ ሰማያዊ ላስቲክ ከላይ ሊለብስ የታሰበ ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንዲደርስ ታዝዞ ነበር። ዝናም ከገባ በኋላ ግን በሐይቁ በኩል ያለው ወለል ተሰነጠቀ። ስንጥቁም ወደ ግድግዳው ሥር ዘልቆ ውኃ ያወጣ ጀመር። ላስቲኩ ስንጥቅ ላይ ከለበሰ ስለሚቀደድ፣ ስንጥቁን በመሮ ከፍተን በሲሚንቶ እንድንደፍነው ፎርማኑ ተክለ ጊዮርጊስ አዘዘን። ከግድግዳው ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ የሚጠራቀመውን ውኃ አካሉ የተባለው ሠራተኛ በናፍጣ ሞተር ይስብ ነበር። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ስንጥቁ ይደርቃል፤ ከቆመ ግን ውኃው ግድግዳውን ይገፋል።

ረቡዕ ሰኔ 13 ቀን ጠዋት ሥራ ስንገባ አካሉ «ይህ ናፍጣ ለዛሬ አያደርስም» ሲል በእኔና በሟች ፊት ለፎርማኑ ነግሮታል። ፎርማኑም «መኪና ልኬአለሁ፣ ሳያልቅ ይደርሳል፤ እናንተ ግቡ» አለ። ናፍጣ በኩፖን ስለሆነ መዘግየቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ሟች «እንግዲያ ቶሎ ቶሎ እንበል» ብሎኝ ወረደ።

የዚያን ዕለት ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን፤ እሱ የረመዳንን፣ እኔ የሰኔን። ከሰዓት በኋላ አሸዋ ልነፋ ከገንዳው ወጥቼ ሳለ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ተንተፋትፎ ጠፋ። አካሉ «ውጡ፣ ውጡ» እያለ ከሞተሩ ዘንድ ወደ ገንዳው ሲሮጥ አየሁ። ሟች ቀና ብሎ ወደ መሰላሉ ተራመደ። ሳይደርስበት ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ተናደ። ጭቃውና ውኃው ተከትሎት ገባ።

ከሁሉ በፊት የዘለለው አካሉ ነው። እኔም ተከተልሁት። ብሎኬቱን በእጃችን እያነሣን ወረወርን። የአካሉ ጥፍሮች የተላቀቁት ያን ጊዜ ነው፤ ሞተር ሲነካካ ነው መባሉ ልክ አይደለም።

ሟችን ከወገቡ በታች ተቀብሮ አገኘነው። ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ራሱን በክንዴ ደግፌ ውኃ ባስጠጋለት ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ። «ጠጣ ወንድሜ፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ይፈቀዳል» ስለው፣ «ሣህሉ፣ ፀሐይ አልገባችም» አለኝ። ከዚህ በኋላ ቃል አልወጣውም። በሳንቃ ተሸክመን ወደ ሆስፒታል ስንወስደው መንገድ ላይ ዐረፈ።

ባለቤቱ ዘይነት ሥራ በሚያመሽበት ቀን ማፍጠሪያውን እዚያው ታመጣለት ስለነበር፣ ከዘበኛ አፍ እንዳትሰማ ብዬ ተመልሼ በር ላይ ጠበቅኋት። ሳህኗን በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ልብሴ ጭቃና ደም ስለነበረ ሳልናገር ገባት። የሆነውን ነገርኋት። አልጮኸችም። «ውኃ ቀምሶ ነው?» አለችኝ። «አልቀመሰም፣ እንደጾመ ነው የሄደው» አልኋት። ቋጠሮውን ፈትታ ምግቡን በዚያ ለነበሩት ጾመኛ የቀን ሠራተኞች ሰጠች። ከዚያ ተያይዘን ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ሐሙስ ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ አካሉ ሞተሩን በአሻጥር አቁሟል ተብሎ መታሰሩን ሰማሁ። ይህንኑ ስጠየቅ፣ አካሉ ሞተሩን ሲያቆም አላየሁም ብያለሁ። ያን ዕለት ዘይነት እስክትደርስ ወደ ሞተሩ ሄጄ የናፍጣውን በርሜል ራሴ አዘንብዬ አይቼዋለሁ፤ ጠብታ አልነበረበትም። የናፍጣው መኪና በነጋታው እንደመጣ ሠራተኞች ነግረውኛል። ይህን የምለው ፎርማኑን ለመክሰስ አይደለም፤ እሱም ቀብር ላይ ሰው ይዞት ሲያለቅስ አይቻለሁ። ነገር ግን ጠዋት የተባለውን በጆሮው ሰምቷል፤ እሱም ይጠየቅ። ሙሀመድአወልን ያወጣው አካሉ ነው። በእሱ ሞት አካሉ ቢጠፋ ሟችም የሚወደው አይመስለኝም።

ቃሌ ሲነበብልኝ «አካሉ ሞተሩን አጠፋ» የሚል ሰማሁ። እኔ ያልሁት «ሞተሩ ጠፋ» ነው። መርማሪው ልዩነቱ ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ አንዱ ሰው ያስገድላል፣ ሌላው አያስገድልም ብዬ መልሻለሁ። ሳይታረም እንደማልፈርም በመናገሬ ተሰርዞ ታርሟል፤ ከስርዙ አጠገብም ፈርሜአለሁ። የቀረው እንደተናገርሁት ነው፤ እውነት ነው፤ በተጠራሁበት ሁሉ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሣህሉ ወልደ ዮሐንስ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሃምሳ አለቃ ተድባቡ ቸኮል፣ ፊርማ