የጓዳዋ እንደራሴ

ማላፓ የልጅ ልጃቸውን የሱማን የሠርግ ቀን ከካህኑ ጋር ቆርጠው ሲመለሱ ያልታሰበ ዝናብ ጣለባቸውና ወደ አውቶቡስ መጠበቂያው ሮጡ። እዚያም የእህታቸው ልጅ ኢራና፣ የሴቶች ትምህርት ቤት መምህሩ፣ ጫማውን እያራገፈ ቆሞ አገኙት። ሽማግሌው ኢራናን ይወዱታል፣ ይሸሹታልም። የተማረ ዘመድ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፣ ተረሳ ሲሉት ይነሣል ይሉ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ አጎቴ። ቀኑ ተቆረጠ አሉ።»

«አዎ፣ የፊታችን ሐሙስ ነው። ሥራ በዛብኝ ብለህ እንዳትቀር!»

«እንዴት እቀራለሁ? ለመሆኑ ውሃውን የሚያፈሰው ማነው?»

ማላፓ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። አባት የሙሽራዋን እጅ ለሙሽራው ሲሰጥ፣ በተያያዙት እጆች ላይ ውሃ የምታፈሰው እናት ናት። የሱማ አባት፣ የማላፓ የበኩር ልጅ፣ በመኪና አደጋ ከሞተ ግን ዘመን አልፏል።

«ትንሹ ልጄ ይሰጣታል፣ ሚስቱ ታፈሳለች» አሉ ሽማግሌው።

«ጋንጋማስ? የወለደቻት?»

«እሷማ ጓዳ ትቆያለች። መበለት ሠርግ ፊት ስትቆም የት አየህ? ሙሽራው የጋብቻውን ክር በአንገቷ ካሰረላት በኋላ ወጥታ ትመርቃታለች።»

«እንደራሴያችን በገዛ ልጇ ሠርግ ጓዳ!»

«እንደራሴነቷን እዚያው ምክር ቤቷ ታድርገው። እኔ ቤት ምራቴ ናት።»

«እሱኑ እንዳታጣው ነው የምፈራው» አለ ኢራና። «የፓርቲው ሰዎች ‹ለሠርግ የማትጠራ፣ ለቤት ምርቃት የማትጠራ ሴት በምን ድምፅ ታመጣለች?› ማለት ጀምረዋል። ተቀናቃኟ በየሠርጉ ሙሽሮችን ሊመርቅ ሩዝ ሲበትን ይውላል፣ እሷን የሚጠራት ለቅሶ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የገዛ ቤቷ ከዘጋባት፣ ሌላው ለምን ይከፍትላታል?»

«ታዲያ ባሏን እኔ ገደልኩት? ዕጣዋ ነው! የእናቷ ዕጣ በልጅቷ ቢደርስስ? ያን ጊዜ አንተ ትመልስልኛለህ?»

ኢራና ቀጥሎ የተናገረው በአክብሮት ቢሆንም ምሕረት አልነበረውም።

«አጎቴ፣ የመጀመሪያውን ምርጫ ያስታውሳሉ? የሟቹን ፎቶ አበባ አልብሰው፣ እሷን ነጭ ሳሪ አልብሰው፣ ባሏ ሲሞት አምባር የተሰበረበትን ባዶ እጇን እያሳዩ ‹ለዚህች ምስኪን መበለት አንድ ድምፅ!› እያሉ በየደጁ ያዞሯት እርስዎ ነበሩ። ሙሽራ ያለበት ቤት ገብታለች፣ አራስ ያለችበትም ገብታለች። ማንም አልሞተም። ለምርጫ ሲሆን ገድ፣ ለሠርግ ሲሆን ገደ ቢስ የምትሆነው እንዴት ነው?»

«አፍህን ያዝ! የእናትህን ወንድም ነው የምታናግረው!»

«ይቅር ይበሉኝ። ግን የአገራችንን የውሃ ቧንቧ በምክር ቤት ተሟግታ ያመጣችው እሷ ናት። ያ ሁሉ ሰው ያመጣችውን ውሃ እየጠጣ፣ በልጇ እጅ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ እንዳታፈስ ትከልከል?»

ማላፓ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መጠለያውን ያሠራችው ጋንጋማ ናትና ስሟ እዚያ በቀለም ተጽፏል፣ ዝናቡ ይመታዋል። ያ የምርጫ ሰሞን ትዝ አላቸው። ከሐዘን ምንጣፏ መነሣት እምቢ ብላ ነበር። ጎትተው ያስነሧት እሳቸው ናቸው። በሰው ደጅ ድምፅዋ ሲያንስ «ከፍ አድርገሽ አልቅሺ» ብለዋታል። ሽማግሌው አፈሩ። ዝናቡ ሳያባራ ተነሥተው ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ጋንጋማ ጓዳ ተቀምጣ የሠርጉን ሩዝ ትለቅማለች፣ በስልክም አንዱን መሐንዲስ ሥራው ስለዘገየ ድልድይ ታፋጥጣለች። አማቷን ስታይ ስልኩን ዘግታ፣ ተከናንባ ተነሣች።

«ሐሙስ ውሃውን የምታፈሺው አንቺ ነሽ» አሏት።

ደስ ይላታል ብለው ነበር። ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

«አይሆንም፣ አባባ።»

«ለምን?»

«እፈራለሁ። ስለ መበለቶች በምክር ቤት ስናገር አጨብጭበውልኛል። ነገ ግን የሱማን ባል ራሱን ቢያመው፣ አማቷ ‹የእናትሽ እጅ ነው› ትላታለች። እኔም ብቻዬን ስሆን፣ እውነት ይሆን እንዴ እላለሁ። እዚሁ ልቀመጥ፣ ለምጄዋለሁ።»

በሰው ልብ የዘሩት በቅሎ ሲያዩት እንዲህ ያማል። ማላፓ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ከምራታቸውም ፊት ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ። እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺን ስንወስድ ውሃውን ያፈሰሰችው ማን ነበረች?»

«እናቴ ናት።»

«ባሏ በሕይወት ነበር፣ እጇም አምባር ሞልቶት ነበር። ታዲያ ገዷ ልጄን አተረፈልኝ?»

ጋንጋማ በዚያ ሁሉ የምርጫ ልቅሶ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ውሃውን ስታፈስ ግማሹ ከእጆቹ አልፎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። የሙሽራው አክስቶች ሳይበሉ ወጡ፣ የተበተነውም የምርቃት ሩዝ ጥቂት ነበር። ሱማ ግን ከእናቷ ፊት ዓይኗን አልነቀለችም። ምርጫው ሲደርስም ፓርቲው እንደተፈራው ዕጩነቱን ለሌላ ሰጠው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ ለጋንጋማ ግን ዘገየ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ሠርግ ወዲህ የዚያ አገር መበለት እናት «ልውጣ ወይስ ልደበቅ?» ብላ ለመጠየቅ አፍ አገኘች። ልጅም የእናቷን እጅ እንደ ክፉ ነገር ሳትፈራ ትዳር ትይዛለች፤ እንባዋን ለድምፅ፣ ጥላዋን ለእርግማን የሚያደርግባት ሰውም ቢያንስ ያፍራል። ትርፉ ይህ ነው፣ መበለትን ያከበረ ቤት ሁሉ ያገኘዋል።

በሚቀጥለው የሠርግ ወራት ጡብ ሠሪዋ መበለት ዬላማ ሴት ልጇን ልትድር ሆነ። እሷ ራሷ ውሃውን ልታፈስ ቆርጣ፣ ለሠርግ የሚጠራበትን ቀይና ቢጫ ዱቄት በሳህን ይዛ ማላፓ ቤት መጣች፣ ጋንጋማንም «እመቤቴ፣ አጠገቤ ቁሚልኝ» አለቻት። ጋንጋማ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሠርግ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ጊዜ ግን እንደራሴ አልነበረችም።