ለመጋዙ በር፣ ለእናቱ ጆንያ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ባል ማለት የጎረቤት ሰው ማለት ነበር፤ ግቢ ውስጥ አለ፣ ታዩታላችሁ፣ ለቤታችሁ ግን አይሆንም። አትሳቁ። በደርግ ጊዜ ነው የማወራችሁ፣ እዚሁ አምቦ። አያታችሁ ቶላ ግብርና ቢሮ ነበር የሚሠራው፣ የቢሮ ሰው ነው፣ አናጺ አይደለም፤ ማን አናጺ ብሎት? ግን ቅዳሜ ከቢሮ ወጣ ማለት መላጊያውን ያነሳል፣ እና ጓደኛው መምህር ደምሴ ደግሞ መጋዙን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፣ እና ጓሮዬን ሰጋቱራ በሰጋቱራ አድርገውት ያመሻሉ። ማን ይጠርጋል? እኔ። ሲርባቸው ማን ያቀርባል? እኔ።

ታዲያ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይሠራሉ። አንዱን ሳምንት ባርኔጣ መስቀያ። ቀጥሎ ቁልፍ መስቀያ፣ ምስማሩ ብዛቱ፤ ቤታችን ያለው ቁልፍ ግን ሁለት ነው። ቀጥሎ የሲጋራ መተርኮሻ ማስቀመጫ፣ እግር ያለው፣ ከዋንዛ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም አያጨሱም። ከዚያ ለሬዲዮው ቤት ሠሩለት፣ ባለ በር። ሬዲዮ በር ምን ይሠራለታል? ያቺ ከማድቤቱ ጎን የነበረች መሣሪያ የሚያስቀምጡባት ክፍልም በር አላት፣ እሱም እንዴት ያለ በር፤ የጽድ ጣውላ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ባለ እጀታ፣ ባለ ቁልፍ። "መጋዝ ይሰረቃል" ይላል። ሽንት ቤታችንስ? ጆንያ። ሰማችሁኝ? ከቢሮው ያመጣው ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ በምስማር ተንጠልጥሎ።

የሽንት ቤቱ ፊት ደግሞ ወደ ቦኖው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ባልዲውን ይዞ ውሃ ሊቀዳ በዚያ ያልፋል። የከሰዓቱን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስትገቡ ጆንያውን በአንድ እጅ ጨምድዳችሁ ትይዛላችሁ፣ እና የእግር ኮቴ ስትሰሙ ትስላላችሁ። ልጆቼ ከፊደል በፊት ማሳል ነው የተማሩት።

"ቶላ፣ በሩን" እለዋለሁ።

"ጣውላው ይድረቅ እንጂ" ይላል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ "ቶላ፣ ደረቀ?"

"ይሄ እኮ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ለሽንት ቤት ይባክናል?"

"በባሕር ዛፉ ሥራዋ።"

"ባሕር ዛፍ ይጣመማል።"

መምህር ደምሴ ደግሞ መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣ እንዲህ ድምፁን አወፍሮ፣ "እትዬ አስካለ፣ በር እኮ ዝም ብሎ አይሠራም፣ ጥናት ይፈልጋል" ይለኛል። ጥናት አለኝ! እኔ በነፋስ ጆንያ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ እሱ ያጠናል።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የቶላ እናት አዴ ጫልቱ ለዓይናቸው ሕክምና ከእንጭኒ መጡ። የተከበሩ ሴት፣ ቁጥብ፣ ሰው ፊት ጉርሻ እንኳ የሚያፍሩ። ጉልበታቸውም ደከም ብሏል። መጡና ሰነበቱ፣ እና ምግብ እምቢ አሉ። ወተት ባቀርብ እምቢ፣ ገንፎ ባገነፋ እምቢ፣ ውሃ እንኳ ከንፈራቸውን ነክተው ይመልሱታል። "ምን ሆነው ነው?" ስላቸው "እጾማለሁ" አሉኝ። በሃምሳው! በሃምሳው ማን ይጾማል? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት ጊዜ ማን ይጾማል? ያኔ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

እየከሱ ሄዱ። አንድ ቀን ከደጃፉ ላይ ዞሮባቸው ወደቁ። ሐኪም ቤት ብንወስዳቸው "ውሃ ይጠጡ፣ ሰውነታቸው ደርቋል" ብለው መለሷቸው። ቶላ በጣም ደነገጠ፣ ይሄን አልከለክለውም፣ እናቱን ይወዳል። ደንግጦ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ወንበር መሥራት ጀመረ። ባለ መደገፊያ፣ ባለ እግር ማሳረፊያ፣ ከዚያው ከማይባክነው ዋንዛ። "ደገፍ ብላ ፀሐይ ትሙቅበት" ይላል።

እኔ ታዲያ ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "አዴ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፣ ይንገሩኝ" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በሹክሹክታ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አገሬ ላይ በቆሎው ውስጥ እገባለሁ፣ ማንም አያየኝም። እዚህ ሰው ውሃ ሊቀዳ ያልፋል። ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፣ ግድግዳውን ልያዝ ወይስ ጆንያውን? ካልበላሁ አልወጣም፣ ካልጠጣሁ አልወጣም" አሉኝ።

እንዴት እንደነደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። ሴትየዋ ለአንድ በር ብለው ሊሞቱ ነው። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ፤ "ለቶላ እንዳትነግሪው። ልጅ የእናቱን እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። ማዪልኝ" አሉ። ማልኩ። ምን ላድርግ?

ወጣሁና፣ "ቶላ፣ እባክህ፣ የሽንት ቤቱን በር ዛሬ" አልኩት። መላጊያውን አስቀመጠና እንዲህ ቀና ብሎ አየኝ። "እናቴ ታማ ተኝታ አንቺ ስለ ሽንት ቤት ታወሪኛለሽ?" አለኝ። መምህር ደምሴም ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ አፌ በመሐላ ታስሯል፣ እሱ ደግሞ ልብ የሌላት ሴት ያደርገኛል። ምላሴን ነክሼ ገባሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ ጣውላ ሊያዩ ጊንጪ ሄዱ። አውቶቡሱ ከመታጠፉ ጎረቤቴን ዘይነባን ጠራኋት። ባሏ ባለ ሱቅ ነው፣ ካቻቢቴ ከሱቃቸው ይዛ መጣች። "የቱን በር ነው?" አለችኝ። "የመጋዙን" አልኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። እና አንዱን ማጠፊያ እሷ፣ አንዱን እኔ፣ ብሎኑን ፈትተን ያን የጽድ በር ነቀልነው። ይከብዳል እናንተ። ተሸክመን ስንወስድ ቦኖው ጋ ያሉት ሴቶች ወረፋቸውን ትተው አፋቸውን ይዘው ያዩናል። ሽንት ቤቱ ጋ ብናደርሰው ይሰፋል፣ ከውስጥ አይገባም። "ከውጭ እናልብሰው" አለች ዘይነባ። ከውጭ መቃኑ ላይ ገጠምነው። ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ግን ይዘጋል፣ ከውስጥም መወርወሪያ አደረግንለት። የተላጠ እጄን ዘይነባ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችልኝ።

ለአዴ ጫልቱ፣ "በር ተገጥሟል፣ ይሂዱ" አልኳቸው። ማን ገጠመው አላሉኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ፣ እና መወርወሪያው ቀጭ ሲል ሰማሁ። ልጆች፣ ያን ድምፅ ስሰማ አለቀስኩ።

ይሄኔ ቶላና ደምሴ ጣውላ በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ። ቶላ የመሣሪያዋን ክፍል አየ። አፏ ተከፍቷል። "ኧረ ሌባ! ኧረ ተዘረፍኩ!" ብሎ ግቢውን አቀለጠው። ደምሴ ጣውላውን ጥሎ መጋዙን ይቆጥራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዱ ቀበሌ ይነገር ይላል። እኔ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ከዚያ ሽንት ቤቱ ተከፈተ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፣ ያን የቫርኒሽ በር በቀስታ ዘጉት፣ በእጃቸው ዳሰሱት፣ እና ወደ ልጃቸው መጥተው በሰው ሁሉ ፊት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "ኤቢፈሚ ኢልማ ኮ። ተባረክ ልጄ። እናትህን እንደሸፈንክ እግዜር ገመናህን ይሸፍን፣ በር አይንሳህ፣ ደጅ አይንሳህ" እያሉ መረቁት።

ቶላ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ የታሰረ እጄን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና፣ "አሜን" አለ። እንዲህ ጎንበስ ብሎ፣ "አሜን፣ አሜን"። ደምሴም አብሮ አሜን። ጎረቤቱ፣ "አቤት የእናት ልጅ" ይላል።

ያን ቀን አዴ ጫልቱ ገንፎውን ጠርገው በሉ፣ ዓይናቸውም ድኖ በሰላም ተመለሱ። ቶላስ? ለመጋዙ አዲስ በር በማግስቱ እሑድ ጨረሰ። በባሕር ዛፍ። ያልደረቀ። ጥናቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ አዴ ጫልቱ ሲያርፉ እንጭኒ ለቅሶ ሄድን፣ እና አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ "ለእናቱ በር የሠራው ልጅ ይሄ ነው" ብለው ለሰው አሳዩት። ነጠላውን ተከናንቦ አንገቱን ደፋላቸው።

ምን አልሽ? ለምን እውነቱን አልነገርኳቸውም? እንዴት ብዬ ልንገራቸው፣ ልጄ። በልጃቸው ኮርተው ቆመው ሳለ ከእጃቸው ልንጠቃቸው? እሱ ይናገር ነበር እንጂ። ይሄው እዚያ ተቀምጧል፣ ጠይቁት። የተኛ ይመስላል፣ ይሰማል።

ምን? ምን አልክ፣ ቶላ? ሰማችሁት? "አሜን ያልኩት ለሁለታችን ነው" ይላል። ይሄን ሁሉ ዓመት ምርቃቱን ለብቻው ተሸክሞት ዛሬ ለሁለታችን ሆነ። በይ አንቺ ደብተር የያዝሽው ጻፊ፣ ሳትሰርዢ ጻፊው፤ በሩን የነቀለችው አስካለ ናት፣ የገጠመችውም አስካለ ናት፣ ከዘይነባ ጋር። እሱ አሜን ነው ያለው።