የመስመሩ ቁጥር

ሰውን በቁጥር መያዝ ሰውነቱን መግፈፍ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ይህንንም ለዓመታት እንደ ጥበብ ይዤው ኖሬአለሁ። ስሕተቴ የተገለጠልኝ በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.፣ ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ በር ላይ፣ የቀድሞ ተማሪዬን ዘሀራን ድንገት ባገኘሁ ጊዜ ነው። ዘሀራ አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ተምራ በዚያው ሥራ ላይ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ሀዋ ደም እየሳሉ ሳሉ የአክታ ምርመራው «ነፃ» ስላላቸው ልትጠይቅ መጥታለች። አብሬአት ገባሁ።

መዝገብ ያዡ አቶ ወንዳፈረው፣ በሥራቸው የሚኮሩ አዛውንት፣ ወረቀቶቹን ዘረጉላት።

«ጋሼ፣ የተመዘገበው ስም አሥራ ስምንት ነው፤ ከላቦራቶሪ የመጣው ውጤት ግን አሥራ ሰባት፤ ስምም የለበትም። በምን አገናኙት?»

«በተራው ነዋ! የአክታው ብልቃጥ በተራ ሄደ፣ ውጤቱ በተራ መጣ፤ ከላይ ጀምሬ ገለበጥኩ። የመጨረሻው ሲጎድልበት ‹ይደገምለት› አልኩ።»

«ቁጥር ቢኖረው ኖሮስ?»

«በስመ አብ! የታመመ ሰው ቆጥሬ ዕድሜውን ላሳጥር? እንኳን ሰው፣ ላሞቼንም ቆጥሬ አላውቅ። እናትሽስ ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ?»

«አይቆጥሩም» አለች ፈገግ ብላ። «የምሠራበት ማሽን ግን ዝርዝር ሲያነብ እያንዳንዱን ስም ከነቦታው ነው የሚያነሣው። ከዜሮ ይጀምራል።»

«ታዲያ የፊተኛውን ሰው ‹አንተ ምንም ነህ› ሊለው ነው? ጉድ እኮ ነው!»

«ሰውየውን አይደለም ጋሼ፤ ቁጥሩ የመስመሩ ነው። ሰውየው ቢሄድ ቁጥሩ አይከተለውም፤ ቦታው ባዶ መሆኑን እየተናገረ ይቀመጣል። አክታ ሳይሰጥ የሄደ ሰው አለ?»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጀማል። የሙዱላው መኪና ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ሮጠ። አምስተኛው...» አሉና ቁጥሩ ከገዛ አፋቸው በመውጣቱ ደነገጡ።

«ስድስተኛዋ እናቴ ናት። አምስተኛው ውጤት ታዲያ የማን ነው?»

ከጀማል ስም ትይዩ፣ በራሳቸው ቆንጆ ጽሕፈት፣ «የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቷል» ይላል።

እኔና አቶ ወንዳፈረው፣ እርሳቸው በሥጋት እኔ በትዕቢት፣ ሰውንና የቆመበትን ቦታ አንድ አድርገን ኖረናል። ቦታውን የማያውቅ ተራ፣ አንድ ሰው ሲጎድል ከእርሱ በታች ያሉትን ሁሉ በሌላ ሰው ደዌ ይጠራቸዋል፤ ቦታውን ያወቀ ግን የጎደለውን ብቻ ጎደለ ይላል።

«እንግዲህ መስመሩን እቆጥራለሁ» አሉ አዛውንቱ ቀስ ብለው። «ሰዎቹን ግን አልቆጥርም።»

«አይቁጠሩ ጋሼ።»

መስመሮቹ በዕለቱ ተራ ቁጥር ተጻፈባቸው፤ ያው ቁጥር በየብልቃጡ ላይ ተለጠፈ። ከጀማል በታች የተጻፉት ሁሉ ተጠርተው እንደገና ተመረመሩ። ወይዘሮ ሀዋ በሳምንቱ የነቀርሳውን መርፌ ጀመሩ።