ካልሲ የሚያርሰው ወለል

ነይ ሉባ፣ ወንበርሽን ወደ ጥላው ሳብ አድርጊው። የሐይቁ ነፋስ ዛሬ ደግ ነው፤ ትንኙም ምሕረት አድርጎልናል። ጎምዛዛው የሩባርብ አገዳ የገባበትን ኬክ ቅመሺ እስቲ… ስኳር በዛበት? ባሌ ዋልተር ነው የሠራው። እግሩ በጀሶ ታስሮ ምን ያድርግ?

ወድቆ አይደለም፤ ቆሞ ነው። እዚችው ተጎታች ቤታችን ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ፣ ወለሉ እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ባለፈው ግንቦት እንደ አዲስ የተሠራ ወለል እኮ ነው…

ማን ሠራው? ስም ምን ያደርጋል፣ ሙያ ያላቸው ሰው ናቸው። ድምፄን ለምን እቀንሳለሁ? ሐሜት መሰለሽ እንዴ? ምስጋና እኮ ነው፤ ጎረቤት ድረስ ቢሰማ ምን ይከፋል?

እንደሳቸው ፈጣን ሰው አላየሁም። ሌላው ባለሙያ የበሰበሰውን ጣውላ ቆርጦ ያወጣል፣ ሳምንት ሙሉ ያደርቃል፣ የውሃ ጎማ ይዞ መስኮት በመስኮት እየረጨ የሚያፈሰውን ሲፈልግ ይከርማል። እሳቸው ምን በወጣቸው? «የቤቱ ገላ ፋይበርግላስ ነው፤ ፋይበርግላስ አያፈስም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፋይበርግላሱ አላፈሰሰም። ያፈሰሰው መስኮቱ ነው። ስለ መስኮት ደግሞ ማን ጠየቃቸው? እርጥቡ ላይ አዲስ ጣውላ ደረቡ፣ ከላይም ከታችም ሙጫ ቀቡት፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ አለበሱት፣ ለምሳ ቤታቸው ደረሱ። ውሃውም መውጫ ሲያጣ እዚያው ተቀመጠ። እኔማ ስረግጠው እንደ ፍራሽ ሲለሰልስ… የምቾት ሥራ መስሎኝ ሰው ሁሉ ዘንድ አወራሁላቸው።

ትናንት ደግሞ በራችንን ለእንግዳ የምንከፍትበት ቀን አይደል? ሰፈርተኛው ሁሉ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ገባ፣ ካልሲው ርሶ ወጣ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው እዚህ ያለው! አንድም ቃል የተናገረ የለም። ዶሪስ ብቻ «ወለሉ ቀዝቀዝ ይላል» አለች። ስምንት ጥንድ ካልሲ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ዋለ። ይኼኔ ዋልተር ለእንግዶቹ ጥንካሬውን ላሳይ ብሎ… ረገጥ አደረገው።

ነገ ያንቺን ተጎታች ቤት ደግሞ ሊጠግኑልሽ እሳቸው ሊወስዱልሽ ነው አሉ? እኔ ምን አገባኝ። ባልሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ትቶልሽ የሄደው እሷን ብቻ ስለሆነ ነው እንጂ። ብርዱን ልጅሽ ጋ ተጠግተሽ ታሳልፊያለሽ፤ በጋውን ግን በራስሽ ቤት ነሽ፣ ማንም «ተነሺ» አይልሽም። ቁልፉን ሰጠሻቸው እንዴ?… ገና ነው? እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ሰው አላስቀይምም።

እሳቸውን እንደሆን ስመርቃቸው ነው የምውለው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የልጅ ልጃቸውን ሰርግ ያሳያቸው፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሙሽራዋን ይዘው፣ በገዛ እጃቸው ባነጠፉት ወለል ላይ ያስጨፍራቸው። አሜን በይ እንጂ ሉባ።