የጋሼ ታደሰ ብርጭቆ

ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው እሑድ ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ታደሰ ከጎረቤላ ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። ላከብራቸው ብዬ ውስኪ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳርና የእንቁላል ነጩን ክዳን ባለው ብልቃጥ ጨምሬ አረፋ እስኪያወጣ ናጥኩና ውስኪ ሳወር ለእሳቸውም ለራሴም ቀዳሁ። ብርጭቆውን ተቀብለው ትንሽ አዩትና ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«አልወደዱትም ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሽታውን ወድጄዋለሁ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «መጠጥ ከተውኩ አራተኛ ወር ያዝኩ። መልሼ ብጀምር መሳቂያ እንዳልሆን ለማንም አልተናገርኩም።»

አፈርኩ። በልጅነቴ ከጠላ ቤት እየደገፍኩ ቤት የማስገባቸው እኔ ነበርኩ። የሁለታችንንም ብርጭቆ ደፋሁና ሎሚውን፣ ስኳሩንና እንቁላሉን ያለ ውስኪ እንደገና ናጥኩ። ጋሼ እስከ ግማሽ ጠጥተው አረፋውን ከጢማቸው ጠረጉ።

«አሠራሩን አሳዪኝ» አሉ። «የፊታችን ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ አለ። እጄ ላይ ብርጭቆ ካዩ፣ ጠጣ ብሎ የሚያስቸግረኝ አይኖርም።»

ብልቃጡን አቀበልኳቸው። አረፋው እስኪሞላ መናጣቸውን አላቆሙም።